ቁልፉ ከታላቅ፣ ባትሪው ከታናሽ

አባትየው ሲሞቱ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ያጣላች አንዲት መኪና ትተው ሄዱ። መኪና እንበላት እንጂ፣ ከመሄድ መቆም የሚቀናት አሮጊት ናት። ቀለሟ እንደ ወተት ነጭ ነው። መብራቶቿ እንደተገረመ ሰው ዓይን ፈጠዋል። የኋላ ወንበሯ ደግሞ ቀይ ቆዳ ነው። አባትየው «ወይዘሪት» ይሏት ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ፣ መኪናቸው ወይዘሪት። ከሁለቱ የትኛዋ የበለጠ እንደምትወለወልና እንደምትሞካሽ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ወንድማማቾቹ ቤቱን ለእናታቸው ሲተዉ አልተጣሉም። የአባታቸውን ካፖርትና ሰዓት ሲካፈሉም አልተጣሉም። ወይዘሪት ጋ ሲደርሱ ግን ፍቅራቸው አለቀ። አንዱ «በኩር ልጅ እኔ ነኝ» አለ። ሌላው «አባዬ ሲጠግናት ካቻቢቴ ሳቀብል ያደግኩት እኔ ነኝ» አለ። ነገሩ ስለከረረ ዘመድ ተሰበሰበ። ዘመድ ሲሰበሰብ ደግሞ ብልሃት አይጠፋም። መኪናዋ ከእናትየው ግቢ አትወጣም፤ ቁልፉ ከታላቅየው ይሆናል፤ ባትሪው ከታናሽየው ይሆናል። አንዱ ያለ ሌላው ንቅንቅ አይላትም። ዘመዶቹ በፍርዳቸው ተደስተው፣ እርስ በርስ ተመራርቀው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከመካከላቸው መኪና ኖሮት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ታላቅየው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። እሱ ከትምህርት ቤቱ ወጣ እንጂ ትምህርት ቤቱ ከእሱ አልወጣም። የወይዘሪትን ቁልፍ ድሮ ፊሽካውን ያንጠለጥልበት በነበረው ገመድ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። ታናሽየው ጥርስ ሐኪም ነው። ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን ሳይሆን አፍ አፉን ያያል። ከጠቡ ወዲህ ሁለቱ «አንተ» መባባሉን ትተው «እርስዎ» ሆነዋል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ። በአንድ ጡት ያደገ ሰው ወንድሙን «እርስዎ» ካለው ስድቡን ኮት አልብሶ ነው የሚልክለት።

እሑድ እሑድ ጠዋት እናታቸው ግቢ ይገናኛሉ። ባትሪው ስለሚከብድ ሐኪሙ የልጆቹን የድሮ ጋሪ ከዕቃ ቤት አውጥቶ በዚያ እየገፋ ያመጣዋል። ብርድ የሚመታው ይመስል ጨርቅም ያለብሰዋል። መጀመሪያ ሰሞን የማያውቁ ሴቶች መንገድ ላይ ጎንበስ እያሉ «ውይ! ወንድ ነው ሴት?» ይሉት ነበር። ዳይሬክተሩ ቁልፉን አንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። ፖዘቲቩን የሚያስረው ታላቅ ነው፤ ኔጌቲቩን የሚያስረው ታናሽ ነው። መፍቻውን እያንዳንዱ ከየቤቱ ይዞ ይመጣል። የባትሪ ራስ እርሳስ የሚሉት ለስላሳ ብረት ነው። ማሰሪያው አልገባ ሲል በመዶሻ ይኮረኩሙታል፤ አልወጣ ሲል በካቻቢቴ ይፈለቅቁታል። ከዚያ ሰፈሩን አንዴ ዞር ይላሉ። ዳይሬክተሩ ይነዳል፣ ሐኪሙ ጎኑ ተቀምጦ ይተቻል። ተመልሰው ባትሪውን ያወልቁና ባትሪው በጋሪው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼው ነው።

እናትየው አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆመው ይህን ሲያዩ ቆዩና «ምናለ ባትሪውን እዚያው ብትተዉት?» አሏቸው። ሁለቱም ሕፃን የጠየቃቸው ይመስል ፈገግ ብለው አለፏቸው።

የባትሪው ማሰሪያዎች መጋል የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ወይዘሪት ስትነሣ ከባትሪው ብዙ ኃይል ትስባለች፤ ማሰሪያው በደንብ ካልያዘ ያ ኃይል መንገድ ይጠበውና ሙቀት ይሆናል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። የሚያጠያይቀው የማንኛቸው ማሰሪያ እንደሆነ ነው። እሱንም ቢሆን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የሌላው ነው።

ዳይሬክተሩ እጁን ዘርግቶ የሚነካው ሁልጊዜ ኔጌቲቩን ነው። ሐኪሙ የሚነካው ሁልጊዜ ፖዘቲቩን ነው። ሁለቱም «አቃጠለኝ» ይላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የራሱን የነካ ግን አልነበረም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። መካኒክ ይጠራ ያለም ሰው የለም፤ አባታቸው በሕይወት ዘመናቸው ወይዘሪትን ለመካኒክ አስነክተው አያውቁማ።

ዳይሬክተሩ ግን ከዚህ ሁሉ ግርግር ሥር የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ልጆች ሳሉ ታናሽየው የግድግዳ ሰዓት ፈታትቶ መልሶ ሲገጥም እናታቸው «ቁርጥ አባትህን!» ብለው ጉንጩን ሳሙት። ሰዓቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሠርቶ አያውቅም፤ ይህን ግን ከዳይሬክተሩ በቀር የሚያስታውስ ሰው የለም። ዳይሬክተሩ ትምህርት ቤት መርቷል፣ ተሸልሟል፣ ልጆች ድሯል፤ ያቺን ቃል ግን ከእናቱ አፍ አላገኛትም። ለጥናት ሲመሰገን «ጎበዝ» ተባለ። ሲሾም «ተመስገን» ተባለ። ቁርጥ አባትህን ግን የለም። ፀጉሩ የነጣ ሰው ይህን ይመኛል ማለት ያሳፍራል። ቢያሳፍርም ይመኘው ነበር።

አጋጣሚው በአክስታቸው በኩል መጣ። የእናትየው ታላቅ እህት፣ እናትየው «እትዬ» የሚሏቸው፣ ብቻቸውን መኖር ስላቃታቸው ልጃቸው እሷ ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ልትወስዳቸው ነው። እሑድ ከሰዓት በመኪና መጥታ ትወስዳቸዋለች። በእነዚህ እህቶች ዕድሜ እንዲህ ተለያይቶ መገናኘት እንደሌለ ማንም አልተናገረም፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

«ጠዋት በባጃጅ ብር ብዬ ሄጄ ከእሷ ጋር እውላለሁ» አሉ እናትየው።

ዳይሬክተሩ ደነገጠ። «የአባዬ መኪና ቆማ? እኔ በሕይወት እያለሁ በባጃጅ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምንም አይልም ልጄ። ሰው ሥራ አለው።»

«እኔ እወስድሻለሁ እማዬ። በሩን ከፍቼ፣ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ። እንደ ድሮው፣ አባዬ ይወስድሽ እንደነበረው።»

እናትየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። አንድ ነገር ለማለት አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር። መልሰው ገጠሙትና «እንደ ድሮው ከሆነ እንግዲህ በጊዜ እንነሣ» አሉ። ዳይሬክተሩ ይህን እንደ ምርቃት ተቀበለው።

እሑድ ጠዋት እናትየው ደህና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለእህታቸው የሠሩትን ሹራብ በፌስታል ይዘው ወጡ። ዳይሬክተሩ በሩን ከፈተላቸው፣ ጀርባቸውን በትራስ አስደገፋቸው፣ በሩን በቀስታ ዘጋላቸው። ሐኪሙ ባትሪውን ከጋሪው አውርዶ አስቀመጠ። ፖዘቲቩ ታሰረ፤ ኔጌቲቩም ታሰረ። ዳይሬክተሩ መሪው ኋላ ተሰይሞ ቁልፉን አዞረ። ወይዘሪት እርር፣ እርር ብላ ዝም አለች። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ።

«ኔጌቲቩ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

«ሳያዩት አወቁ?» አለ ሐኪሙ።

«የረበሸ ተማሪ ከጀርባው ያስታውቃል።»

«ለዚህ ነዋ ያልረበሸውን ሲያባርሩ የኖሩት።»

ኮፈኑን ከፈቱት። ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መብራቱን አሰረ፣ ከቦርሳው ያቺን አፍ ውስጥ የሚያይባትን ባለ ረጅም እጀታ ክብ መስታወት አወጣና በፖዘቲቩ ሥር አሾለካት። «ሰፋ አድርገው ይክፈቱ» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ሲያይ ቆየና ምላሱን ጠጭ አደረገ።

«ሥሩን በልቶታል። ይኸውልዎ፣ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር። ይህ የንጽሕና ጉድለት ነው። ብሩሽ ነክቶት አያውቅም።»

«ምኑን?»

«የእርስዎን ፖዘቲቭ።»

ዳይሬክተሩ በበኩሉ የኔጌቲቩን ሽቦ እንደ ተማሪ ጆሮ ይዞ ወዘወዘው። «ልልነቱን ያዩልኛል? ይህን ያሰረ ሰው የጫማውን ክር እንዴት እንደሚያስር እግዜር ይወቅ።»

«ልጆች» አሉ እናትየው ከውስጥ፤ «ረፈደ።»

«አንድ ደቂቃ እማዬ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

የየራሳቸውን ማሰሪያ ለየራሳቸው አጠበቁ። ይህን ያደረጉት ማሰሪያዬ ላልቷል ብለው አይደለም፤ የሌላውን አፍ ለመዝጋት ነው። እንደገና አዞረ። ወይዘሪት እንደገና አጓርታ አጨሰች። ዳይሬክተሩ ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገረ፤ አንድ ሰው ሥራውን በአግባቡ ባለመሥራቱ ክፍሉ በሙሉ እንዴት እንደሚቀጣ በምሳሌ አስረዳ። ሐኪሙ ስለ አሲድ ተናገረ፤ ሕመምተኛ ሁልጊዜ የሚጠቁመው ጤነኛውን ጥርስ እንደሆነም ጨመረበት። ጎረቤትየዋ በአጥሯ በኩል ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰማች።

«እትዬ ከምሳ በፊት ድረሺልኝ ብላኛለች» አሉ እናትየው።

«ጨረስን እማዬ! አለቀ!»

ሌላም ጊዜ አንድ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ የሰማ ግን የለም። ወንድማማቾቹ ጭንቅላታቸውን ኮፈኑ ውስጥ ቀብረው ፖዘቲቭ ይቅደም ወይስ ኔጌቲቭ በሚለው ላይ ተያይዘው ነበር። «አንድ ደቂቃ!» ብሎ የመለሰ ሰው ግን አልጠፋም።

ዳይሬክተሩ በመስኮት በኩል እጁን ሰድዶ ቁልፉን አንዴ አዞረና በሩጫ ተመለሰ። የኔጌቲቩን ግለት ነክቶ በማስረጃ ሊያሳይ ነው። ጎንበስ ሲል እግሩ ሸተት አለ። እጁ መደገፊያ ፈለገና ያረፈው በገዛ ፖዘቲቩ ላይ ነበር። የጋለ ካውያ የያዘ ያህል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ የጮኸ ሰው ግን ምን ነካህ ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተና ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቆመ።

«አቃጠለዎት?» አለ ሐኪሙ።

«የለም። እያሰብኩ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የራሱን ማሰሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያየው። ማሰሪያው እስከ ጥጉ ጠብቋል፤ ከንፈሩ ከከንፈሩ ገጥሟል፤ ከዚህ በላይ የሚጠብቅበት ቦታ የለውም። ውስጡ ያለው የባትሪ ራስ ግን ሕፃን እንደላሰው ከረሜላ ቀጥኖ በማሰሪያው ውስጥ ይዋልላል። መዶሻው፣ ካቻቢቴው፣ ያ ሁሉ እሑድ በአንዴ ትዝ አለው። በየሳምንቱ ሲያስሩና ሲፈለቅቁ እርሳሱን ፍቀው ፍቀው ጨርሰውታል። ባትሪው ቦታው ላይ ቢተው ይህ አይመጣም ነበር። እናቱ በረንዳ ላይ ሆነው የተናገሩት ነው፤ ይህም ትዝ ሲለው ጣቱ የበለጠ አቃጠለው።

ቀና ሲል ሐኪሙ መስታወቱን በኔጌቲቩ ሥር እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። የራሱን አይቷል። ወንድማማቾቹ ተያዩ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ምቹ ጊዜ ለሰው ልጅ በዕድሜው ብዙ አይመጣለትም።

«የእርስዎ መዶሻ ከባድ ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«የእኔስ ራስ ከእርስዎ ራስ ወፍራም ነው» አለ ሐኪሙ።

እንደ ልጅነታቸው በጣታቸው እየለኩ የማን የባሰ ቀጥኗል በሚለው ላይ ገቡ። አሸናፊ ሳይገኝ ሐኪሙ ድንገት «ቆይ! ቆይ ቆይ» አለና ወደ ቦርሳው ሮጠ። ያመጣው ከጥርስ ራጅ ፊልም ውስጥ የሚወጣ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ እርሳስ ነው። ሁልጊዜ ይጠቅመኛል እያለ ያጠራቅመዋል፤ ሲጠቅመው ያየው ሰው ግን አልነበረም።

«ጥርስ ሲሸረፍ ምን ይደረጋል? ይሞላል! ራሱን እንጠቅልለው።»

ዳይሬክተሩ ብርጭቆ ወረቀት አምጥቶ ራሱንም የማሰሪያውንም ውስጥ ጨረር እስኪያወጣ ፈገፈገው። ሐኪሙ እርሳሱን በጥርስ ሐኪም ጣቱ አንድ ሽብሽብ ሳያስቀር ጠቀለለው። የፖዘቲቩን ጨርሰው ወደ ኔጌቲቩ ሄዱ። የማን የማን እንደሆነ ረስተውታል።

«ያዝልኝ እስኪ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይዤልሃለሁ። አጥብቀው» አለ ሐኪሙ።

«እርስዎ» መቼ እንደቀረ አንዳቸውም አላስተዋሉም። ዳይሬክተሩ በመስኮቱ በኩል እጁን ሰደደ። ዓይኑ ከሐኪሙ ጣቶች ላይ አልተነቀለም፤ ቁልፉን በዳበሳ አግኝቶ አዞረው። ወይዘሪት አንዴ አስነጠሰችና ተነሣች። ሐኪሙ ፖዘቲቩን ያዘ፣ ኔጌቲቩን ያዘ፣ ሁለቱንም በሁለት እጁ ያዘ።

«ቀዝቃዛ ነው! ጋሼ፣ በረዶ ነው! ናና ንካው!»

«ጋሼ» ከተባለ ስንት ጊዜው! ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጥቶ ነካ፤ እውነትም ቀዝቃዛ ነው። ወንድማማቾቹ በዘይት እጃቸው ተቃቀፉ፤ የእሑድ ኮታቸው ጀርባ ላይ አራት መዳፍ ታተመ። አባታቸው ቢያዩአቸው ያለቅሱ ነበር። ዳይሬክተሩም ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ ግን የሚፈልጋት ነገር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችው ነው። እጁን ጠረገ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገና የኋላውን በር እንደ ድሮ ሹፌር ጎንበስ ብሎ ከፈተ።

«እማዬ፣ ይኸው—»

ወንበሩ ላይ ትራሱ ብቻ ነበር። የወዲያኛው በር ገርበብ ብሏል።

«እማዬን ነው?» አለች ጎረቤትየዋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ። «ሄዱ እኮ። ቆይተዋል። ባጃጅ የጠራሁላቸው እኔ ነኝ።»

«እንዴት ሳትነግረን?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ነገሯችሁ እንጂ! አጠገባችሁ ቆመው “ልጆች፣ እኔ ሄድኩ” አሏችሁ። “አንድ ደቂቃ” አላችኋቸው።» ጎረቤትየዋ ጠዋት አስጥታው አሁን የደረቀውን ልብስ እየሰበሰበች ጨመረች፤ «አንድ ደቂቃም ጠበቋችሁ ደግሞ። እናት አይደሉ?»

ወይዘሪት እንደዚያ ቀን ሄዳ አታውቅም። ዳገቱን ሳታጓራ ወጣች፤ መታጠፊያው ላይ እንደ ቅቤ ቀለጠች። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ እያያት ነው፤ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አነሣላት። ወንድማማቾቹ ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው፤ ይህን የማያውቅ ደግሞ ከሁለቱ አልነበረም። ሐኪሙ አንዴ ብቻ «በጣም ቆይተን ነበር እንዴ?» አለ። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ማየት ፈራ።

የአክስታቸው ግቢ በር ወለል ብሏል። ቤቱ ተራቁቷል፤ በረንዳው ላይ የቀረ ካርቶንና ገመድ አለ። ግቢው መሐል አንድ የተረፈ ወንበር ላይ እናትየው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩን ያያሉ። ውጭ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል።

«መኪናዋ ተሠራች እማዬ!» አለ ዳይሬክተሩ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እሰይ» አሉ እናትየው።

«አክስቴስ?» አለ ሐኪሙ።

«ሄደች። መኪናው በሰዓቱ መጣ። አንዳንድ መኪና እንደዚያ ያደርጋል። ደህና ጊዜ አሳለፍን፣ እጇን ይዤ ዋልኩ። ሹራቡ ልኳ ሆነ። “ልጆቹስ? አይሰናበቱኝም እንዴ?” አለችኝ። ባትሪ እየጠገኑ ነው አልኳት። “እነሱም?” አለችኝ።»

«እነሱም ማለት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«“እነሱም?” አለች። ከዚያ ሳቅን። ጥርስ የቀረን ይመስል ሳቅን። ስትወጣ ደግሞ አለቀሰች።»

እናትየው ወንበሩን ደገፍ ብለው ተነሡ። ያልተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር ድምፃቸው፤ ለዳይሬክተሩ ቁጣ ይሻለው ነበር።

«ሰርጌ ቀን አባታችሁ በዚያች መኪና ሲወስደኝ መንገድ ላይ ቆመችበት። እሱ ከኮፈኑ ሥር፣ እኔ ከኋላ ወንበር። “አንድ ደቂቃ” አለኝ። እትዬ ናት በእግሯ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ስታጫውተኝ ያመሸችው። አንተ በኩሬ ልትወለድ ምጥ ይዞኝም “አንድ ደቂቃ” አለኝ። እናቴ ስትቀበር “አንድ ደቂቃ” አለኝ፤ አፈሩ ተመልሶ ደረስኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረውና። ግን ዕድሜዬን እዚያ ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁት የአባታችሁን ጀርባ ነው።»

ሐኪሙ መሬት መሬቱን አየ። ዳይሬክተሩ ግን ዳይሬክተር ነው፤ ለሁሉም ነገር መልስ የመስጠት ልማድ አለበት።

«ዛሬ ግን በእውነት አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር የቀረን እማዬ። አንዲት ደቂቃ ብትጠብቂን ኖሮ—»

እናትየው ቀርበው አዩት። አፍንጫው ላይ ዘይት አለ፤ ግንባሩ በጥላሸት ተዥጎርጉሯል፤ የተቃጠለ ጣቱን መልሶ አፉ ውስጥ ከቶታል። በመሀረባቸው ጫፍ አፍንጫውን ጠረጉለት። ፈገግ አሉ፤ የደከመ ፈገግታ ነበር።

«ቁርጥ አባትህን» አሉት።

ያችው ቃል ናት፤ አንድ ፊደል አልጎደለባትም። ዳይሬክተሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ስትመጣ ምን እንደሚል፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ ወንድሙን በምን ዓይን እንደሚያይ አዘጋጅቶ ነበር። አሁን ስትመጣ ማስቀመጫ አጣላት። ልቡ ታመመ፤ እንደ ጣቱ አፉ ውስጥ የሚከተው ነገር አልነበረም። ወንድሙን አየው። ያቺን ቃል ከእሱ በፊት የወሰደ ሰው ነውና ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀናበትም፤ አሳዘነው።

«ነይ እንውሰድሽ እማዬ» አለ በዝግታ።

«የለም። ባጃጁን ትመልሰኛለህ ብዬዋለሁ፤ ይኸው ቃሉን አክብሮ ቆሞልኛል። እናንተ ባትሪያችሁን አውልቃችሁ ድረሱ። ራት አስቀምጥላችኋለሁ።»

እናትየው ባጃጁ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሐኪሙ ከልማድ ብዛት እጁን ኪሱ ከትቶ መፍቻውን እየዳበሰ ነበር።

«ተወው» አለ ዳይሬክተሩ። «ባትሪው እዚያው ይቅር።»

ባጃጁ ተነሣ፤ ወይዘሪትም ከኋላው ተከተለች። ማሰሪያዎቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ሞተሯ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ብትፈልግ ባጃጁን አሥሬ ትቀድመው ነበር። ልቅደም ያለ ግን የለም። ከኋላቸው ቀዩ ወንበር ላይ ትራሱ ብቻውን ተቀምጧል። ከፊት ለፊታቸው እናትየው ከባጃጅ ነጂው ጋር ወግ ይዘዋል፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። ለወንድማማቾቹ የሚታያቸው ግን ጀርባቸው ብቻ ነበር። ቤት እስኪደርሱ አንዴም ዞር አላሉም።